«ፍቅረኛዬ ኮምፒዩተሬን ፎርማት አደረገብኝ»

የዚህ ዓምድ ደብዳቤዎች መልካቸው ተመሳሳይ ነው። «ስልኬን አያነሳም»፣ «እናቱ አልወደደችኝም»፣ «ዓረብ አገር ልሂድ ወይስ እሱን ልጠብቅ?» የሚሉ ናቸው። የዛሬ ሦስት ሳምንት የደረሰችኝ ግን ሌላ ናት። መጀመሪያ ሳነባት ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነባት ሳቄ ጠፋ። ጉዳዩ የሚያስቸኩል ስለነበር ጋዜጣው እስኪወጣ ሳልጠብቅ ለልጅቷ በስልክ መልስ ሰጥቻታለሁ። ቢሆንም የብዙዎቻችሁን ቤት የሚያንኳኳ ነገር ስለሆነ ሙሉውን ላጫውታችሁ። ደብዳቤዋን ትንሽ አሳጥሬ፣ ስሟንም እንደቃሌ ደብቄ እነሆ፦

«ውድ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 25 ነው። ከአክስቴ የወረስኳት አንዲት ትንሽ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። አብረን ሁለት ዓመት የሆነን ፍቅረኛ አለኝ። ሥራው ፕሮግራመር ነው። መልካም ልጅ ነው፣ አይጠጣም፣ አያመሽም፤ ቢያመሽም ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው። ጠባችንም ሁልጊዜ በኮምፒዩተር ነው። ወርድ ስከፍት ፊቱ ይጠቁራል። ‹ይሄም ሶፍትዌር ሆኖ!› ይለኛል። የደንበኞቼን ዕዳ ኤክሴል ላይ ስመዘግብ ስቆ አይጠግብም። የሱ ስክሪን ጥቁር ነው፤ ማውስ አይነካም፤ ምን እንደሚጽፍም አይታወቅም።

«ባለፈው እሁድ ‹ኮምፒዩተርሽን ቫይረስ ጨርሶታል፣ ዊንዶውሱም የተሰረቀ ነው፣ ላስተካክልልሽ› ብሎ ፎርማት አደረገና ሊነክስ ጫነልኝ። ፋይሎቼን ቀድሞ ፍላሽ ላይ ገልብጧቸው ነበርና መለሳቸው። አንድም አልጠፋም አለኝ። ሰኞ ጠዋት ስከፍታቸው የድሮ የአማርኛ ፋይሎቼ በሙሉ ዝባዝንኬ ሆነዋል። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ሰው የማያነበው ነገር። ከነሱ ውስጥ የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር የሕይወት ታሪክ አለ። አክስቴ በሕይወት ሳለች ነው የጻፈችላቸው፤ 180 ገጽ ነው። በእጃቸው የጻፉት ደብተር ቤታቸው ጎርፍ ሲገባ ጠፍቷል። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ለልጆቻቸው ሊያሳትሙት በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። ለጋሼ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ለፍቅረኛዬ ስነግረው ‹ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የፎንቱ ነው› አለኝ። ይቅርታ እንኳ አላለኝም። ልለየው ወስኛለሁ፤ እስቲ አንተ ምን ትላለህ?»

እህቴ፣ ስለ መለየቱ በኋላ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ጋሼ!

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ኪቦርድ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ኮምፒዩተር ለኔ የጽሕፈት መኪና ታላቅ ወንድም ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዤ ከክፍሌ ቀጥሎ ወደሚኖረው ፕሮግራመር ጎረቤቴ ሄድኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራቱ የማይጠፋው እሱ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ስለ ጋሼ ይጨነቃል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጁ ቪም ነው የሚጠቀመው!» ብሎ እንደ ዘመዱ ደስ አለው።

እናላችሁ እነዚህ ሰዎች ስለ መጻፊያቸው ሲያወሩ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ አይበልጣቸውም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ቪም ማለት ብራም ሞሌናር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የጽሑፍ ማረሚያ ነው። አባቱ ቢል ጆይ የሚባል አሜሪካዊ በ1976 የጀመረው ቪአይ ነው። ያን ጊዜ ማውስ የሚባል ነገር በየቤቱ አልነበረምና ሁሉ ነገር በኪቦርድ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ስትከፍቱት አይጽፍም። ፊደሎቹ ሁሉ ትእዛዝ ናቸው። አንዷን ፊደል ሁለቴ ብትነኩ ሙሉ መስመር ይሰርዝላችኋል። ለመጻፍ መጀመሪያ «አሁን ልጽፍ ነው» ብላችሁ መንገር አለባችሁ። መውጣቱማ አይወራ! ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለ መድረክ በ2017 እንደገለጸው፣ «ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?» የሚለውን ጥያቄ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ሰው ከፍቶ አይቶታል።

«ታዲያ ምኑን ወደዳችሁት?» አልኩት።

«እጅህ ከኪቦርድ አይነሳም። አንዴ ከለመድከው ሐሳብህን ነው የሚከተልህ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አፍሮ «አማርኛ ስትጽፍበት ግን ያናድዳል» ሲል ጨመረ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ መመለስ ከረሳችሁ፣ ትእዛዝ ያላችሁት ሁሉ «ድ» እና «ይ» እየሆነ ይመጣል፣ ቪምም አይሰማችሁም። ሰፈሩን ስላልለቀቀ ዶሮ ነው የሚያወራ የሚመስለው!

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ሞሌናር ሶፍትዌሩን ለዓለም በነፃ ሲሰጥ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወደዳችሁት ኡጋንዳ ውስጥ ኪባሌ በምትባል ቦታ ያሉ ችግረኛ ልጆችን እርዱልኝ። ቪምን ባዶውን ስትከፍቱት ይሄው ልመና ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሰውየው በነሐሴ 2023 አረፈ። የኡጋንዳ ልጆች ስም በየፕሮግራመሩ ጥቁር ስክሪን ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

የቪም ባላንጣ ኢማክስ ይባላል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ያወጣው ነው። ጎረቤቴ በኢማክስ ሰዎች ይስቃል፤ «ውስጡ ሁሉ ነገር አለ፣ ፖስታ ማንበቢያ፣ ጨዋታ፣ ቀን መቁጠሪያ» ይላል። እኔ ግን ስጠይቀው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የአማርኛ መጻፊያ እንደነበረው፣ በብዙ ቋንቋ ሰላምታ በሚሰጠው ገጹ ላይም «ሠላም» የሚል ቃል በፊደላችን እንዳለበት ነገረኝ። እኔ በበኩሌ ኢማክስን ደግፌያለሁ፤ ምንም ባልገባኝ!

ታዲያ ይህን ሁሉ ሰብኮኝ ሲያበቃ ላፕቶፑን አየሁት። የተከፈተው ቪም አይደለም። ቪኤስ ኮድ የሚባለው ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው፣ ቀለም በቀለም የሆነ፣ ማውስም የሚነካበት። «ምነው?» ስለው ሳቀ። «ሰው ፊት ቪም፣ ለሥራ ይሄ።» በ2023 ያው ስታክ ኦቨርፍሎው በጠየቃቸው ፕሮግራመሮች ዘንድ ከአስሩ ሰባት የሚሆኑት ቪኤስ ኮድን እንጠቀማለን ብለዋል። ስለዚህ እህቴ፣ የፍቅረኛሽ ጥቁር ስክሪን ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ ጉራ መሆኑን እወቂው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ጎረቤቴ መጨረሻ ላይ ኮስተር አለ። «ጽሑፉ አልጠፋም፤ ምንም ነገር ከፍታ ሴቭ እንዳታደርግ ንገራት» አለኝ። የደወልኩላትም ለዚህች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የድሮዎቹ የፈረንጅ ፕሮግራሞች ለፊደል የነበራቸው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ ተይዘዋል። አሁን የኛን ፊደል ቁጠሩ። 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው። እነ «ሏ» እና «ቋ» ሲጨመሩ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ፣ አራት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ... አይገባም! እናም በዚያን ጊዜ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች መላ መቱ። የፈረንጁን ፊደል ቁጥር ወስደው መልኩን ብቻ ቀየሩት። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን በላዩ ላይ «ለ» ወይም «መ» ይስልበታል። ቦታው ስላልበቃቸውም አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹ ቀጣይ እግርና ክንድ ለብቻ እየሠሩ ገጣጠሙት። አንዱ ሠሪ ከሌላው ጋር አልተስማማምና የአንዱ «ለ» የሌላው «ሸ» ነው። ፎንቱ ከኮምፒዩተሩ ሲወጣ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ከሥር ያለው የፈረንጅ ፊደል ብቅ ይላል። ልጅቷ ያየችው ዝባዝንኬ ይሄ ነው። ፍቅረኛዋ ፋይሎቿን ገልብጧል፤ ፎንቱን ግን ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ አጥፍቶታል።

ዩኒኮድ የሚባለው ነገር የመጣው ይሄን ለመገላገል ነው። በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለኛ ፊደል 384 ቦታ የያዘ የራሱ ሰፈር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው፤ አዲስ አበባ ብትጻፍ፣ ዋሽንግተን ብትከፈት ያው 4608 ናት። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፎንት ይዞ ነው የመጣው። በስልካችሁ የምትጻጻፉትም በዚሁ ነው። ችግሩ ከዚያ በፊት የተጻፈው፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በኋላ በልማድ በድሮው የቀጠለው ነው። እስቲ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ በዚህ ጭምብል ስንት ውል፣ ስንት ኑዛዜ፣ ስንት የእድር ደንብ እንደተቀመጠ አስቡት።

እዚህ ላይ ጎረቤቴ አንድ ነገር አመነ። ያመነው ደግሞ በግድ ነው። ፕሮግራመሮች የሚሰብኩት «ጽሑፍህን እርቃኑን አስቀምጥ» እያሉ ነው፤ እንደ ኖትፓድ ባለ ቀላል ነገር፣ ያለ ፎንት፣ ያለ ጌጥ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚከፈት። ነገሩ ለዩኒኮድ ጽሑፍ እውነት ነው። የጋሼ ታሪክ ግን ኖትፓድ ውስጥ ቢገለበጥ ኖሮ አልቆለት ነበር! ምክንያቱም ኖትፓድ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አያስታውስም። ፊደሉ በሁለት ፎንት ከተከፈለ ደግሞ አንዱ ቁጥር ሁለት ፊደል ሊሆን ይችላልና ማን ማን እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም። ወርድ ግን፣ ያ የሚናቀው ወርድ፣ ለእያንዳንዷ ቃል የፎንቷን ስም ይዞ ይቆያል። «ወርድ አዳናት በላት» አለኝ፤ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን አጨማዶ።

ለእሷ የነገርኳትን ለናንተም ልንገር፤ ቤቱ ይቁጠረው። አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል አትንኪ፤ ቅጂ አውጥተሽ በቅጂው ሥሪ። ቀጥሎ፣ ሊነክሱ ላይ በተጫነው ሊብሬ ኦፊስ ፋይሉን ክፈቺና ዝባዝንኬው ላይ ጠቅ አድርጊ። የፎንት ስም የሚጻፍባት ሳጥን ውስጥ ስሙ ዘንበል ብሎ ይታያል። ዘንበል ማለቱ «ይሄ ፎንት እዚህ የለም» ማለቱ ነው። ያንን ስም ጽፈሽ ያዢና የድሮ ኮምፒዩተር ያላቸውን የሙያ ጓደኞችሽን ጠይቂ። ፎንት አንዲት ትንሽ ፋይል ናት፤ ሊነክስ ላይም ትሠራለች። ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው፤ እሱ የፍቅረኛሽ ሥራ ነው። ካሳ ይሁነው!

ኤክሴልን በተመለከተ ልጁ የሚስቀው በከንቱ አይደለም፤ ግን አሳሳቁ ነው የከፋው። ኤክሴል ከሰው በላይ አውቃለሁ የሚል ፍጡር ነው። የደንበኛን ስልክ 09 ብላችሁ ስትጀምሩ ዜሮዋን ይበላታል፤ ቁጥር መስሎታላ! ከስልኩ በፊት አንዲት ጭረት ምልክት ብታስቀድሙ ወይም ዓምዱን «ቴክስት» ብታደርጉት ይተዋችኋል። በኛ ቀን ላይማ አይጣል ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ጻፉ፤ የካቲት በነሱ 30 ስለሌላት ቀን ነው ብሎ አይቀበልም። ጳጉሜ 5ን 5/13 በሉ፤ በአሜሪካን አጻጻፍ የተሞላ ኮምፒዩተር ሜይ 13 ያደርግላችኋል። አሥራ ሦስት ወር ፀጋ ያላት አገር ለኤክሴል አልተነገረውም። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም የተበላነው። ሳይንቲስቶች «ማርች 1» የሚባል ዘረ መል ነበራቸው፤ ኤክሴል ወደ መጋቢት ወር ቀን እየቀየረ ሲያስቸግራቸው በ2020 የዘረ መሉን ስም ራሱን ለወጡት። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ የኮሮና ታማሚ ከመዝገብ ሳይገባ ሰነበተ፤ የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አልይዝም ስላለ ነው። ቢሆንም የሱቅ ዕዳ ለመመዝገብ ከኤክሴል የተሻለ ምን አለ? ጎረቤቴን ብጠይቀው ዝም አለ። ከዚያ «እኔም የቤት ኪራዬን የምመዘግበው እሱ ላይ ነው» አለ።

«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባል ፋይል የሌለው እጁን ያውጣ። ፕሮግራመሮች ለዚህ ጊት የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ የሊነክሱ ባለቤት፣ በ2005 የሠራው። የተለወጠውን ሁሉ፣ ማን መቼ እንደለወጠው ይመዘግባል፤ ወደ ኋላም ይመልሳል። ለወርድ ፋይል ግን እንደ ልብ አይመችም፤ ይህን ጎረቤቴም አልካደም። ለኛ ለተራዎቹ ከፋይሉ ስም ፊት ዓመት፣ ወር፣ ቀን መጻፍና ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይበቃናል። መብራት ለሚሄድባችሁ ደግሞ ወርድ ሳይጠየቅ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ 2 አድርጉት። የ10 ደቂቃ ጽሑፍ መብራት ኃይል የወሰደበት ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ልብ ጉዳይ። «ጥፋቱ የፎንቱ ነው» ማለቱ በቴክኒክ ትክክል ነው አሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ አንድ ሰው ቤትሽን ሊያጸዳ ገብቶ የአክስትሽን ማሰሮ ቢሰብር፣ «ጥፋቱ የሸክላው ነው» አይልም። የዊንዶውሱን መሰረቅና የቫይረሱን ነገር ያለሽ እውነት ነው፤ የተሰበረ ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ሊነክሱም ጥሩ ነው፣ በነፃ ነው። ሆኖም ኮምፒዩተሩ ያንቺ እንጀራ ነው። «በዚህ ማሽን ምን ትሠሪያለሽ? ለደንበኛ የምትጽፊው በምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ጎረቤቴ ይሄን ስነግረው አንገቱን ደፋ። ለካ እሱም የታላቅ እህቱን ላፕቶፕ «አሻሽሎላት» ሦስት ወር አላናገረችውም።

ስለዚህ በስልኩ እንዲህ አልኳት፦ አሁን አትለዪው፤ ጋሼ እስኪመጡ ሥራውን ይሥራ። እንዴት እንደሚሠራው ተመልከቺና ያኔ ወስኚ።

ባለፈው ሐሙስ ሁለተኛ ደብዳቤዋ መጣልኝ። ፎንቱ ከሱቋ ሦስተኛ በር ላይ ካለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኝቷል። ፋይሉ ተከፍቷል፤ 180ውም ገጽ አለ። ልጁ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብሎ መቀየሪያ ፕሮግራም ጻፈ። መጀመሪያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንዲጽፍለት አዝዞት ነበር አሉ፤ ያም በደቂቃ ውስጥ የፊደል ሰንጠረዡን አምጥቶለት፣ አንዳንዱን ፊደል ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶ ተገኘ። አላውቅም ማለት የማይችል ፈጣን ጸሐፊ ነው። ከዚያ ልጁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ አይቶ ሞላ። «ጰ» እና «ጸ» ሲምታቱበት ግን ኮዱ ሊለያቸው አልቻለም። የአክስቷን እጅ የምታውቀው እሷ ናትና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷ ታነባለች፣ እሱ ያርማል።

ጋሼ በቀጠሯቸው መጡ። ማንበብ ስላልቻሉ እሷ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እሳቸውም አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ አቋርጠው «እሱ እንኳ ስህተት ነው፤ ያን ጊዜም ለአክስትሽ ነግሬያት ነበር» አሏት።

ልጁ ይቅርታ እስካሁን በአፉ አላለም። ሆኖም በራሱ ገንዘብ ዊንዶውስ ገዝቶ፣ ከመጫኑ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጥቶ «በዚህ ማሽን ምን ምን ነው የምትሠሪው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስጻፈችው። ስለ መለየቱ ያለችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ገና አልወሰንኩም፤ ግን ወርድ ስከፍት አሁን ዝም ይላል።»

ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ በየትኛውም ፎንት ቢሆን ጎረቤቴ አለ። ቸር ሰንብቱ!